መልስ፦ አሮጌውን ላፕቶፕ ልጣለው ወይስ ላሻሽለው?

ወንድሜ፣ እንዳትጥለው! ፕሮሰሰሩ 7ኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 4 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው ነው ያልከው አይደል? ቀርፋፋ ያደረገው በዋናነት ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ሳታ ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራ፣ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ አዲስ ዓይነት ዲስክ) ግን 500 ይደርሳል። እኔ የራሴን ደሴ ፒያሳ በኤስኤስዲ አስቀይሬ፣ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ማሽን አሁን በሰከንዶች ይነሳል። ደግሞ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ባጃጅ ላይ ቢንገጫገጭም አትሳቀቅም።

አንተ ያለኸው ኮምቦልቻ ነው። ከኛ ከደሴ ይሞቃል። ስለዚህ ሲከፈት ማራገቢያውን ከአቧራ አስጠርገው፣ የፕሮሰሰሩን ፔስትም (ሙቀቱን የሚያወጣለትን ቅባት) አስቀይር።

ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም ያሉህ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን አይደግፍም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ደህና የሚሠራ ማሽን በአንድ የኩባንያ ውሳኔ «አሮጌ» ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሌላውን በውጭ ምንዛሪ እናስገባለን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 የመጠገን መብት ላይ ሕግ አውጥቷል። ለኛ አገር ከማንም በላይ ያስፈልገናል ባይ ነኝ።

ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫንበት፤ ነፃ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ራሙን 8 አድርሰው። ግን ከመግዛትህ በፊት አስከፍተህ እይ፦ አንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይቀየርም።