ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ድራመር ቶኒ ዊሊያምስ የጠየቃችሁኝ፣ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ፣ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ ባንድ ሲገባ እውነት ልጅ ነበር?

አዎ ልጅ ነበር፣ 17 ዓመቱ! በ1945 ቺካጎ ተወልዶ ቦስተን ነው ያደገው፣ እዛ ከነሳክስፎኒስቱ ሳም ሪቨርስ ጋር ሲጫወት ሌላው ሳክስፎኒስት ጃኪ ማክሊን ሰምቶት ወደ ኒውዮርክ አመጣው፣ ብዙም ሳይቆይ በ1963 ማይልስ ወሰደው።

ጥያቄ፦ በሰው አልበም ላይ ከመታቸው የቱን ላስቀድም?

የኤሪክ ዶልፊን «አውት ቱ ላንች»፣ 1964። ቶኒ እዛ ላይ ዝም ብሎ ምት አይጠብቅም፣ ይመታል ያቆማል ቦታ ይለቃል፣ 18 ዓመቱ መሆኑን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ከዛ የማይልስን «ኔፈርቲቲ» ስማ፣ 1967 ነው፣ የአልበሙ መጠሪያ ዜማ ላይ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ሶሎ አይወስዱም፣ ያንኑ ዜማ እየደጋገሙ ነው የሚሄዱት፣ ከስር እየተለዋወጠ እየጋለ የሚሄደው ድራሙ ነው፣ አጃቢ የሚባለው ሰው ሙዚቃውን ሲመራው በጆሮህ ትሰማዋለህ። ለኔ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ በራሱ ስም የሰራቸውስ፣ የድራም ሶሎ ብቻ ናቸው?

ኧረ በፍፁም! የመጀመሪያው «ላይፍ ታይም» (1964፣ ብሉ ኖት የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያወጣው) ላይ እሱ ጭራሽ የማይመታበት ስራ አለ እኮ፣ ኸርቢ ሃንኮክ ፒያኖ ሮን ካርተር ቤዝ፣ በቃ ሁለቱ ብቻ። ዜማው የራሱ የቶኒ ነው። በገዛ አልበሙ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ያዳመጠ ድራመር ነው፣ ስለዚህ ድራመር ብቻ አትበሉት፣ ደራሲም ነው።

ጥያቄ፦ «ኢመርጀንሲ» የሚለው አልበሙ ድምፁ ይሻክራል፣ ፋይሌ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም እህቴ፣ ሲቀረፅም እንደዛው ነው። 1969 ነው፣ ጆን ማክላፍሊን ጊታር ላሪ ያንግ ኦርጋን፣ ሶስት ሰው ናቸው ግን ጩኸታቸው የሮክ ባንድ ነው፣ ቶኒ ራሱ ይዘፍናል፣ ዘፈኑን ብዙ ሰው አይወድለትም እኔ ግን እወደዋለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጊና ታግሰሽ ስሚው።

ጥያቄ፦ በኋላስ ምን ሰራ?

በ80ዎቹ ወደ ብሉ ኖት ተመልሶ የራሱን ድርሰቶች እየቀዳ ነበር፣ «ፎረን ኢንትሪግ» 1985 ከነሱ አንዱ ነው። በ1997 የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ተደርጎ ልቡ ቆመ፣ ገና 51 ዓመቱ ነበር፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ድራም እየተማርኩ ነው፣ ከሱ ምን ልውሰድ?

ግራ እግሩን ስማ። ያኔ የተለመደው ሃይሃትን (በእግር የሚዘጋውን ጥንድ ጸናጽል) በሁለተኛውና በአራተኛው ምት መዝጋት ነበር፣ እሱ ግን ብዙ ጊዜ በአራቱም ላይ ይዘጋዋል፣ እግሩ ጊዜውን ስለያዘለት እጁ ነፃ ይወጣል። የማይልስ አልበም «ፎር ኤንድ ሞር» ላይ፣ የ1964 ኮንሰርት ነው፣ ፍጥነቱ ሲያብድ እንኳ ያንን እግር ተከተል፣ መጀመሪያ ግን ቀስ ብለህ ሞክረው።