ጠይቁን፦ የጎመን፣ የሰናፍጭና የካፕሱሉ ነገር

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ሶስት ጥያቄ ደርሶናል፣ ሶስቱም ዞረው ዞረው ጎመን ላይ ነው ያረፉት፣ ያው ጾም ስለሆነ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምፅፈው። ቴሌግራም ላይ ሰልፎራፌን የሚባል የብሮኮሊ ካፕሱል ካንሰር ያጠፋል እያሉ ይሸጣሉ፣ ዋጋው አይቀመስም። እናቴ የጡት ካንሰር ህክምና ላይ ናት፣ ልግዛላት ወይስ የኛ ጎመን ውስጥም አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ካፕሱሉን የሚያክማት ሀኪም ሳያየው እንዳትሰጫት፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ሰውነት ባዕድ ነገር የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ስለሚቀሰቅስ ከምትወስደው መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ሰልፎራፌን ፈጠራ አይደለም። በፈረንጆቹ 1992 አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ ከብሮኮሊ ለይተው አወጡት፣ በ1997 ደሞ የ3 ቀን የብሮኮሊ ቡቃያ ውስጥ የሰልፎራፌኑ መነሻ (ሰልፎራፌን የሚወጣበት ንጥረ ነገር) ካደገው ብሮኮሊ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ሊበዛ እንደሚችል አሳዩ። ሴል ውስጥ ኤንአርኤፍ2 የሚባለውን ፕሮቲን አስሮ ከያዘው ሌላ ፕሮቲን ያስለቅቀዋል፣ እሱም የመከላከያ ኢንዛይሞችን ያስመርታል። ቻይና ውስጥ የቡቃያ መጠጥ የጠጡ ሰዎች ቤንዝን የሚባለውን አየር የሚበክል ኬሚካል (የመኪናውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም) በሽንታቸው በብዛት ሲያስወግዱ ታይቷል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መርዝ ማስወገድ ሌላ፣ የያዘ ካንሰር ማዳን ሌላ፣ ሻጮቹ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቀው ነው የሚነግዱት።

የኛ ጎመን ውስጥ በብዛት ያለው የሰልፎራፌን መነሻ ሳይሆን የሱ ዘመድ ሲኒግሪን ነው፣ ሰናፍጭም እንደዛው። ሲኒግሪን ብቻውን ምንም አያረግም። ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አጠገቡ ለብቻው ተቀምጧል፣ እንደ ክብሪትና ቀፎው ካልተነካኩ አይነዱም። ቅጠሉ ሲከተፍ ወይ ዘሩ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ይገናኙና ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ነገር ይወጣል። ለምጣድ ማሰሻ ጎመን ዘር ስትፈጪ ደረቁ ብዙም አይሸትም አይደል? ሰናፍጩን ግን በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰሽ ከድነሽ ስትከፍቺው እንባ ያስመጣል። በፈላ ውሃ ከለወስሽው ኢንዛይሙ ስለሚሞት ኃይሉ የለም።

ስለዚ ጎመኑን ከትፈሽ ወዲያው ድስት ውስጥ አትክተቺው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ውሃውንም አትድፊው ምክንያቱም ብዙው እዛ ውስጥ ነው የሚሟሟው። ብሮኮሊ ካገኘሽ ደሞ ከበሰለ በኋላ ትንሽ የሰናፍጭ ዱቄት ነስንሽበት፣ የሞተውን ኢንዛይም ይተካዋል፣ ይሄ በላብራቶሪ የተረጋገጠ ነው። ብዙዎቹ ካፕሱሎች ግን መነሻውን ብቻ ነው የያዙት፣ ኢንዛይሙ የለበትም፣ ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል ቢባልም መጠኑ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ብሩን ለእናትሽ ምግብና ትራንስፖርት አውዪው።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነኝ። እናቴ እንቅርት አላት፣ ጎረቤት ሁሉ ጎመን ነው ያመጣብሽ፣ ተይ እያለ ይመክራታል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤቶቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የጎመን ዘመዶች ሲፈጩ ከሚወጡት ውስጥ ታዮሳይኔት የሚባለው ነገር አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ ይሻማል። ግን ይሄ ጉዳት የሚያደርሰው አዮዲን ሲያንስ ነው፣ ደጋ አካባቢ ደሞ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ስለሚያጥበው ዋናው ጣጣ እዛ ጋ ነው። አዮዲን ያለው ጨው የሚበላ ሰው የተቀቀለ ጎመን በልቶ እንቅርት ያወጣል ብዬ አልሰጋም። ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ከእሳት ላይ ከወጣ በኋላ ይጨመር፣ እማማም ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፣ አዲስ እብጠት ወይ መዋጥ መቸገር ካለ ደሞ ዛሬ ነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ እዚሁ ዞን ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ስራዬ ጎመን ላይ ነው። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አድርቄ ፈጭቼ በውሃ ዘፍዝፌ ኤችፒኤልሲ (ኬሚካሎችን ለያይቶ የሚለካ ማሽን) ላይ ሳስገባ ሲኒግሪን የለም ይለኛል፣ ማሽኑ ነው?

መልስ፦ ማሽኑ ንፁህ ነው። ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፈው ማይሮሲኔዝ በልቶት ጨረሰ፣ ሰናፍጭ ለውሰህ እንደማለት ነው። ትኩሱን ቅጠል ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቀዝቅዘህ በፍሪዝ ድራየር አድርቅ፣ ካጣህ ደሞ ትኩሱን ቅጠል በቀጥታ ወደ 70 ዲግሪ በሞቀ 70 ፐርሰንት ሜታኖል ውስጥ ክተተው፣ ኢንዛይሙ እዛው ይሞታል። ከዛ ፈሳሹን በኮለም (መለያ ቱቦ) ላይ ይዘህ ሰልፋታዝ የሚባለውን ኢንዛይም ጨምረህ አሳድረው፣ ጠዋት በውሃ አውጥተህ 229 ናኖሜትር ላይ አንብብ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ብዙ ፕሮቶኮሎች ሲኒግሪንን እንደ ኢንተርናል ስታንዳርድ (መጠኑ ታውቆ ለማመሳከሪያ የሚጨመር) ጨምር ይላሉ፣ አንተ ግን የምትለካው ራሱን ሲኒግሪንን ስለሆነ ቁጥሩ ይበላሽብሃል፣ ግሉኮትሮፒዮሊን የሚባለውን ዘመዱን ተጠቀም።