ማሽኑ ምን እንዲገምት ተጠየቀ? ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ብድር፣ ቅጥርና የእርዳታ ድልድል በኮምፒውተር ግምት መወሰን በጀመረበት በዚህ ወቅት፣ ውሳኔው ሴቶችን፣ የገጠር ነዋሪዎችንና አነስተኛ ቁጥር ያላቸውን የቋንቋ ማኅበረሰቦች እንዳይጎዳ ምን ማድረግ ይቻላል በሚል ርእስ በሐዋሳ የሚገኙ ተማሪዎች፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎችና የተቋማት ሠራተኞች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፤ የአንድ አልጎሪዝም (ኮምፒውተሩ ለግምት የሚከተለው የስሌት ሥርዓት) ፍትሐዊነት በአብዛኛው የሚወሰነው ሒሳቡ ከመሠራቱ በፊት፣ ማሽኑ ምን እንዲገምትና ከማን ታሪክ እንዲማር በሚመረጥበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የኢንፎርማቲክስ ተማሪ ነኝ። ብሔርን፣ ፆታንና ሃይማኖትን ከመረጃው ላይ ሙሉ በሙሉ ብናወጣ ሞዴሉ (ከመረጃው ተምሮ የሚገምተው ፕሮግራም) ከአድልዎ ነፃ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ዓምዱ ቢሰረዝም የመኖሪያ ቀበሌ፣ የአባት ስም፣ የስልኩ ዓይነት፣ የአየር ሰዓት የሚሞላበት መጠንና ሰዓት አንድ ላይ ሲደመሩ የተሰረዘውን ነገር መልሰው ይናገራሉ። አማዞን የሞከረው የሥራ አመልካቾች መመዘኛ፣ ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደዘገበው፣ በአብዛኛው ከወንዶች በመጡ የ10 ዓመት ማመልከቻዎች ላይ የሠለጠነ በመሆኑ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ማመልከቻ፣ ለምሳሌ የሴቶች የቼዝ ክበብ አባልነትን የሚጠቅሰውን፣ ዝቅ አድርጎ ይመዝን ነበር። ኩባንያው በመጨረሻ ሥራውን አቋርጦታል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ይመርጥ የነበረው አልጎሪዝም ዘርን የሚገልጽ መረጃ ፈጽሞ አልተሰጠውም። እንዲገምት የተጠየቀው የሕመሙን ክብደት ሳይሆን በሽተኛው ወደፊት የሚያስወጣውን ወጪ ነበር። ለጥቁር ሕሙማን ለተመሳሳይ ሕመም ሲወጣ የኖረው ገንዘብ ያነሰ ስለ ነበር፣ ማሽኑ ከሆኑት በላይ ጤነኞች አድርጎ ቆጠራቸው። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ የተመዘነው ግን ሌላ ዕቃ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት፣ ስሕተቱ ቢታረም ለተጨማሪ ክትትል ከሚመረጡት ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ፆታንና ብሔርን ጨርሶ የማይመዘግብ ተቋም በእነዚህ ረገድ ማድላቱንና አለማድላቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። እኔ የምመክረው መረጃው ከውሳኔ ሰጪው ሞዴል ተለይቶ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ለቁጥጥር ብቻ በሚከፈት መዝገብ እንዲቀመጥ ነው። በሀገራችን ሁኔታ የብሔር መዝገብ ራሱ አደጋ ሊሆን ስለሚችል፣ መዝገቡን ማን እንደሚከፍተው አስቀድሞ ሳይወሰን ግን መሰብሰብ አይገባም።

ጥያቄ፦ በአነስተኛ ብድር ተቋም ውስጥ እሠራለሁ። አለቆቻችን የስልክ አጠቃቀምን መሠረት ያደረገ የብድር ነጥብ ሊያስገቡ አስበዋል። ከሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የሚመጡ ነጋዴ ሴቶች ግን በሙከራው ላይ ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ፤ እኔ የማውቃቸው ደግሞ ጥሩ ከፋዮች ናቸው። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ገንዘብ በሀገራችን እየተስፋፋ በመሆኑ የአለቆችዎን ሐሳብ እረዳለሁ። መያዣ የሌለው ሰው በታሪኩ ብቻ ሊበደር መቻሉ በራሱ መልካም ነገር ነው። ሆኖም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ታሪክ የማን ነው?» የሚለው ነው። ሲም ካርዱ በባሏ ስም የወጣላት፣ ስልኳን ለልጇ የምታውስ፣ ሽያጯን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ የምታከናውን ሴት በስልኩ ላይ አሻራ አትተውም። ሞዴሉ ደግሞ ታሪክ የሌላትንና ክፉ ታሪክ ያላትን በተግባር እኩል ይቆጥራቸዋል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። ተቋምዎ ብድር የከለከላት ሴት ብትበደር ኖሮ ትከፍል እንደ ነበር የሚያሳይ መዝገብ የለም፤ ሞዴሉ የሚማረው ከተበደሩት ብቻ ነውና። ስለዚህ የትናንቱ ክልከላ የዛሬውን ሞዴል ያስተምራል፣ የዛሬው ሞዴል ነገም ይከለክላል፤ ስሕተት መሆኑ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም። ይህን ዑደት የሚሰብረው አንድ መንገድ ብቻ ይመስለኛል፤ ሞዴሉ ከጣላቸው አመልካቾች መካከል ጥቂቶችን በዕጣ መርጦ አነስተኛ ብድር መስጠትና ውጤቱን መከታተል። ኪሳራ ይኖረዋል። አለቆችዎ ይህን ወጪ እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ጥናት በጀት እንዲይዙት ማሳመን የእርስዎ ፈንታ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ሥራ ይህ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን፣ ሴቶቹ ያላቸውን ታሪክ መመዝገብ ይቻላል። የዕቁብ ጸሐፊ የያዘው ደብተር፣ የቡድን ብድር አከፋፈል፣ የዕድር መዋጮ ሁሉም ቃል አክባሪነትን ያሳያሉ። ይህ ግን በራሷ በተበዳሪዋ ፈቃድ መሆን አለበት፤ የዕቁቡ አባላት ሁሉ ስም ያለበትን ደብተር ፎቶ አንሥቶ መውሰድ የሌሎቹን መብት ይነካል።

ጥያቄ፦ የምንገመግመው ሞዴል ትክክለኛነቱ 93 በመቶ ነው። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ለማን ነው 93 በመቶ? እንበልና 1,000 አመልካቾች ቢኖሩ፣ 950ዎቹ ከመሐል ከተማ፣ 50ዎቹ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ሞዴሉ ለከተማዎቹ 920 ጊዜ፣ ለገጠሮቹ ደግሞ 10 ጊዜ ብቻ ትክክል ቢሆን አጠቃላይ ውጤቱ 93 በመቶ ይመጣል። ከ50ዎቹ 40ዎቹ ግን ተሳስቶባቸዋል።

ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከፊት ገጽታ በመነሣት ፆታን የሚለዩ 3 የገበያ ሥርዓቶችን በቆዳ ቀለምና በፆታ ከፋፍለው ሲፈትሹ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛው የስሕተት መጠን 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኘ። በአማካይ ቁጥር ውስጥ ይህ ሁሉ ተደብቆ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን በፆታ፣ በመኖሪያና በቋንቋ ከፋፍሉት፤ ከዚያም ሁለት ሁለቱን አጣምራችሁ ከፋፍሉት፤ የገጠር ሴት ችግር በ«ገጠር»ም በ«ሴት»ም ረድፍ ላይታይ ይችላልና። 50 ሰው ለመፈተሻ ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ውጤቱን በ2 በመቶ ያዛባዋል። ስለዚህ ከትንሹ ቡድን ሆን ብላችሁ ከድርሻው በላይ መረጃ መሰብሰብ ይኖርባችኋል።

ጥያቄ፦ ፍትሐዊነትን የሚለኩ ብዙ ቀመሮች አሉ። ትክክለኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሒሳብ ይህን አይመርጥላችሁም። ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 «ኮምፓስ» የተባለውን፣ ተከሳሾች ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸውን የሚገምተውን ሥርዓት በፍሎሪዳ ብሮዋርድ አውራጃ መርምሮ፣ ዳግም ወንጀል ካልፈጸሙት ተከሳሾች መካከል በስሕተት አደገኛ ተብለው የተፈረጁት ከጥቁሮች 44.9 በመቶ፣ ከነጮች 23.5 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ሠሪው ድርጅት በበኩሉ አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኘ ሰው ጥቁርም ሆነ ነጭ ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድሉ ተቀራራቢ ነው ሲል መለሰ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ ዳግም ወንጀል የሚፈጽሙት ሰዎች መጠን የተለያየ ሲሆንና ግምቱ ፍጹም ሳይሆን ሁለቱን መስፈርቶች በአንድነት ማሟላት አይቻልም።

በመሆኑም ምርጫው «የትኛው ስሕተት ይበልጥ ይጎዳል?» ከሚለው ይነሣል። ልትከፍል ትችል የነበረችን ሴት መከልከልና የማትከፍልን ማበደር እኩል ጉዳት የላቸውም፤ ጉዳቱን የሚሸከሙትም አንድ ሰዎች አይደሉም። ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

ጥያቄ፦ በሲዳሙ አፎ የጤና መረጃ የሚሰጥ የድምፅ አገልግሎት መሥራት እንፈልጋለን። መረጃ ግን የለም።

መልስ፦ በድረ ገጽ ላይ ጽሑፍ አነሰ ማለት ቋንቋው መረጃ የለውም ማለት አይደለም። የሲዳማ ክልል በ2012 ከተመሠረተ ወዲህ ቋንቋው የቢሮ ሥራን እያገለገለ ነው፤ በትምህርት ቤት ከዚያም በፊት ሲያገለግል ኖሯል። ችግሩ ያለው በቀላሉ የሚገኘው ጽሑፍ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሃይማኖት መጽሐፍና የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ስለሚሆን፣ በእሱ የሠለጠነ ሞዴል ጸሎት አሳምሮ ያውቃል፣ አንዲት እናት የልጇን ተቅማጥ የምትገልጽበትን አነጋገር ግን አያውቅም። የምትገምቱት የሕመምተኛን ንግግር ከሆነ ቅጂውን ከጤና ኬላ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከአረጋውያን ሰብስቡ፤ በከተማ ወጣቶች ድምፅ ብቻ አትወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው «ማሳካኔ» የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ የሄደበት መንገድም የቋንቋው ተናጋሪዎች ራሳቸው ሰብሳቢም መርማሪም እንዲሆኑ ነው። ለድምፃቸው ክፈሏቸው፤ ቅጂው ለሌላ ኩባንያ ሊሸጥ ይችል እንደ ሆነም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በሕክምና ጉዳይ ደግሞ ሥርዓቱ ያልገባውን ነገር እንደ ገባው ከመመለስ ይልቅ ወደ ሰው እንዲያስተላልፍ አድርጉት።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ወንድሞቻችን የጣት አሻራቸው በማሽን አይነበብም ይላሉ።

መልስ፦ መረብ፣ ድንጋይና አፈር ሲይዝ የኖረ እጅ አሻራው ይደክማል፤ በሕንድ በጃርካንድ ግዛት በዚሁ ምክንያት ራሽናቸውን ያጡ ድሆች ነበሩ። ፋይዳ መታወቂያ ከጣት አሻራ በተጨማሪ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ስለሚይዝ ሌላ መንገድ አለ። አገልግሎት የሚሰጠው ተቋም ግን የአሻራ ማንበቢያ ብቻ ካስቀመጠ ያ መንገድ ዝግ ነው። ጥያቄያችሁን ለአገልግሎት ሰጪው አቅርቡ።

ጥያቄ፦ በዝምድናና በጉቦ ከሚሠራ ጸሐፊ ማሽን አይሻልም?

መልስ፦ አንዳንድ ጊዜ ይሻላል፤ ይህን የሚክዱትን አልደግፍም። ማሽን እንደገና ሊፈተሽ ይችላል፣ የጸሐፊን ልብ ግን ማንም አይከፍተውም። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ ቢያዳላ በሌላ መስኮት መሞከር ይቻላል፤ ሥርዓቱ ቢያዳላ በሁሉም መስኮት ያው ነው። በኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ አጭበርባሪዎችን ሲፈልግ ዜግነትን እንደ አደጋ ምልክት መጠቀሙ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን በማይገባቸው ዕዳ ውስጥ በጣለው ቅሌት ውስጥ ከተጋለጡት ነገሮች አንዱ ነበር፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥልጣን ለቀቀ። እዚያ የጎደለው «ይህ ልክ አይደለም» ያለችን እናት የሚሰማ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ሦስት ሰዎች ነን። ይህን ሁሉ ማድረግ አንችልም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሞዴሉ የሚገምተውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉትና ውሳኔው ለሚያርፍባቸው ሰዎች አንብቡላቸው፤ «የምትፈልጉት ይህን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መረጃው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳልተካተተበትና ለምን ሥራ እንደማይሆን የሚገልጽ አንድ ገጽ ከሞዴሉ ጋር አያይዙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘውን መረጃ የማየትና የማሳረም መብት ስለሰጣቸው፣ የቅሬታ መንገዱን በሲዳሙ አፎና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ አዘጋጁ፤ ቅሬታውን የሚቀበለው ሰው ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን ይኑረው። በመጨረሻም፣ በአንድ ቡድን ላይ የሚታየው ስሕተት ከተስማማችሁበት መጠን ካለፈ ሥርዓቱ ለዚያ ቡድን ቆሞ ወደ ሰው ውሳኔ እንደሚመለስ ከደንበኛችሁ ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥ አስገቡ። ይህን ከፊርማው በፊት አድርጉት፤ ሥርዓቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ማቆሚያ ቁልፍ እንዲጨመርለት የሚስማማ ደንበኛ እምብዛም አይገኝም።