በላብ የተሰየመው ባንድ

ጥያቄ፦ በአፓርታይድ ዘመን ነጭና ጥቁር ሙዚቀኞች በአንድ ባንድ ይጫወቱ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሕጉ ሰውን በዘር ለያይቶ ሳለ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ የሰሙት ስለ ጁሉካ ሳይሆን አይቀርም። የባንዱ መሥራቾች በእንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ጆሃንስበርግ የመጣው ጆኒ ክሌግ እና ከዙሉ ምድር ሥራ ፍለጋ የመጣው ሲፎ ምቹኑ ሲሆኑ፣ ጁሉካ በዙሉኛ «ላብ» ማለት ነው (ምቹኑ በዚሁ ስም የሚጠራ ኮርማ ነበረው)። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ማስካንዳ የተባለውን የዙሉ ጊታር አመታት ከምዕራቡ ዓለም ፎክና ሮክ ጋር አዋሕደዋል። የመንግሥት ሬዲዮ ጣቢያዎች በቋንቋ የተከፋፈሉ ስለነበሩ፣ እንግሊዝኛና ዙሉኛ የተቀላቀለበት ዘፈን ማስተላለፊያ አላገኘም፤ ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ አዳራሾች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በግለሰብ ቤቶች ይጫወቱ ነበር። ፖሊስም ዝግጅታቸውን በተደጋጋሚ በትኗል። በእኔ እምነት ከግጥሞቻቸው ይልቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ እግራቸውን እስከ ራሳቸው ከፍ አድርገው መሬቱን ሲደልቁ መታየታቸው አገዛዙን የበለጠ ሳያስቆጣው አልቀረም።

ጁሉካ በ1985 ከተበተነ በኋላ ክሌግ ሳቩካ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ከዚህ ባንድ ጋር በ1987 ያወጣው «አሲምቦናንጋ»፣ ትርጉሙም «አላየነውም»፣ ፎቶግራፋቸው እንኳ እንዳይታተም ተከልክሎ ስለነበረው እስረኛ ስለ ኔልሰን ማንዴላ የተዘፈነ ነው። በ1999 ክሌግ ይህንኑ ዘፈን በጀርመን ፍራንክፈርት ሲጫወት፣ ማንዴላ ከበስተኋላው እየጨፈሩ ወደ መድረኩ ወጡ፤ ዘፋኙ የሕዝቡ ጩኸት ከምን እንደመጣ የገባው ዞር ሲል ነበር።