ድንች በተነሳበት መሬት ላይ ቲማቲም? እባክህ ተው

ወንድሜ፣ «ድንቹን አንስቻለሁ፣ በመስኖ ቲማቲም ልትከልበት ወይስ ቃሪያ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም አትትከል። እኔ ይሄንኑ አድርጌ ግማሽ ሄክታር ቲማቲም ዓይኔ እያየ አልቆብኛል።

1. ዘመዳሞች ናቸው። ድንች፣ ቲማቲምና ደበርጃን ሶላነም የሚባል አንድ ወገን ናቸው፤ እምቧይና አውጥም እዚያው ናቸው። ቃሪያና በርበሬ ካፕሲከም፣ ትምባሆ ኒኮቲያና፣ አስተናግር ዳቱራ፣ ጊዜዋ ዊታንያ ይባላሉ። ወገናቸው ይለያይ እንጂ ቤተሰባቸው አንድ ነው፣ ሶላናሲ። የድንችን፣ የቲማቲምንና የእምቧይን አበባ አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ እየው። ቀለሙ ይለያያል፣ መሃሉ ላይ የቆመው ቢጫ ግን አንድ ነው።

2. በሽታቸውም የጋራ ነው። የእኔ ቲማቲም ሊያብብ ሲል ቀትር ላይ ይጠወልግ፣ ማታ ቀና ይል ጀመር፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ። ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን ካመላለሱኝ በኋላ ባለሙያው ማሳውን ሳያይ፣ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «ውሃ አንሶት ነው፣ ጨምርለት» አለኝ። ጨመርኩ። ያጠፋኝ ይሄ ነው! ለካ ባክቴሪያ አጠውልግ ነው፣ ከድንቹ አፈር ውስጥ የቀረ፣ ውሃው ደግሞ በየቦዩ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ወሰደው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በመጨረሻ የደረስኩበት ራሴ ነኝ። የጠወለገውን ግንድ ቆርጬ ንጹሕ ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት፤ ትንሽ ደቂቃ ሳይቆይ እንደ ወተት የነጣ ክር ከቁርጡ ወረደ። መድኃኒት የለውም። የፈንገስ መድኃኒት ብትረጭ ብርህን ነው የምትረጨው።

3. ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ እንደገና ሽንኩርት እያፈራረቅሁ ዘራሁ። ወፍ ዘራሽ ሆኖ የበቀለውን ድንች አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ ከዳር ያለውን አውጥና አስተናግርም አልማርኩም፣ በሽታው እነሱ ላይም ይከርማልና። ጎረቤቶቼ «ለአረም ይሄን ያህል?» ይሉኝ ነበር። ሦስት ዓመት ታግሼ በአራተኛው ቲማቲም መለስኩ፣ አንድም እግር አልጠወለገብኝም! ዛሬ እነሱም እየመጡ ይጠይቁኛል።

አንተ ዘንድሮ ሽንኩርት ትከል። ከድንችህ የቀረ ካለ ደግሞ አሁኑኑ አንዱን ለሁለት ክፈለው። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ካየህ፣ ስትጫነውም ነጭ ዝልግልግ ነገር ካወጣ፣ በሽታው መሬትህ ውስጥ ገብቷል። ያንን ድንች ለዘር አታስቀምጠው፣ ለዘር ለሚፈልግ ሰውም አትሽጠው።