ቃለ ጉባኤውን ማን ይያዝ?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በቅርቡ ሥራ የተቀጠረችው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ቃለ ጉባኤ ያዢ የምባለው እኔ ብቻ ነኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ይሉኛል፤ የምጽፈው ግን በኮምፒውተር ነው» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት 31 ዓመት ሳገለግል የእኔም ጽሑፍ ያምር ነበር። በ2001 ዓ.ም. ከደረጃ እድገት ኮሚቴው አምስት አባላት ብቸኛዋ ሴት፣ በመሆኑም ጸሐፊዋ፣ እኔ ነበርኩ። ለአንድ የቡድን መሪነት ቦታ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ፤ አንዱ ወንድ ሲሆን ሁለተኛዋ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ሦስት ወር የሆናት ባልደረባችን ነበረች። ያን ጊዜ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ስለነበር፣ የሁለት ወር ሕፃን ቤት ትታ ነው ሥራ የገባችው። በምሳ ሰዓት ታክሲ ተጋፍታ ትሄድና አጥብታ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛዋ ጋ ትገኛለች። ወተቱ ሸሚዟን ሲያርሰው እንዳይታይባት በዚያ ሙቀት ጥቁር ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋ ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ሁለት የወለድኩት ሴትዮ ይህንን አይቼ እንዳላየሁ አልፍ ነበር።

ነጥቧ ከተፎካካሪዋ በጥቂቱ ይበልጥ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ እንኳን ለበለጠች፣ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጣች ሴትም ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሥራው መስክ ይበዛዋል፤ ልጇ ገና ጡት አልጣለም፤ ለእሷው ስንል ለሌላ ጊዜ ብናቆያትስ?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «እውነት ነው፤ አራስነቴን ሳልጨርስ መስክ ወጥቼ ያየሁትን መከራ አልረሳውም፤ ይከብዳታል» አልኩ። ያኔ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ከአራት ወንዶች ጋር ተስማምቶ መውጣቱንም አልጠላሁትም። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል፤ ያን ዕለት ያለቀው ግን በሴት ነው። ከዚያም በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ «ከሥራው ጠባይ አንጻር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ቢሮዬ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመች «ይከብዳታል ብላችሁ ነው አሉ። እናቴ ልጁን ይዛ መስክ አብራኝ ልትወጣ ተነጋግረን ነበር። እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብላ ሄደች። በዓመቱ ሥራውን ለቀቀች።

እንግዲህ ሴቶች ልጆቼ፣ ቃለ ጉባኤ አትያዙ ልላችሁ ነበር። ግን ደግሞ ያዙት፤ ያን ዕለት «ይህ ምክንያት በአዋጁ የለም» የምትል አንዲት መስመር የልዩነት ሐሳብ የማስፈር ዕድል የነበረኝ ብዕሩ በእጄ ስለነበረ ነው። አብዝቼ የምቃወመው የካቲት 29 ሲደርስ ወንበር ደርድረን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ስለ ሴቶች እኩልነት አንድ ወንድ ኃላፊ ለሁለት ሰዓት ሲናገር የማዳመጡን ልማድ ነው። የዛሬ ወጣቶች ስለ መብት አፋችሁ ሙሉ ነው፤ ደስ ይለኛል፤ ማዳመጫ ጆሯችሁ ውስጥ ሰክታችሁ ስትውሉ ግን ጎናችሁ ያለችው ባልደረባ ምን እንደሆነች እንዴት እንደምታውቁ አይገባኝም። እኔስ ያለ ማዳመጫ መቼ ሰማሁ?

ወንዶች ልጆቼ ደግሞ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ለመንግሥት ሠራተኛ ሚስቱ ስትወልድ 10 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ ዛሬም የሚፈቀድላችሁን ሳታፍሩ ሙሉውን ውሰዱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትተዳደሩት የተሰጣችሁ 3 ቀን ግን የገንፎው ድስት እስኪታጠብም አይበቃ።

የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ደወለችልኝ። ላፕቶፑን ጎኗ ለተቀመጠው ወጣት አሻግራለት «እኔ ፈጣን አይደለሁም» እያለም ቢሆን ተቀብሏታል። «ታዲያ ጻፈ?» አልኳት። ጽፏል፤ የእሷን ስም ግን ከተሰብሳቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ረስቶታል።