ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አልበላ ያለው እንሽላሊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በሚሌ መስመር ከባድ መኪና የሚያሽከረክረው ወንድሜ በጥቅምት ወር ለአሥር ዓመቱ ልጄ አንድ እንሽላሊት ከቆላ አምጥቶለት ነበር። ልጁ በካርቶን አድርጎ ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ያኖረዋል። መጀመሪያ ላይ ፌንጣ ይበላ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ግን የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቶ አሁን ጥር ላይ አጥንቱ ወጥቷል። እንጀራ በሽሮም ጥሬ ሥጋም አቅርበንለት አልነካም። በሲሪንጅ ወተት ጋትኩት፤ ምናልባት በሽታ ይሆናል ብዬም ቴትራሳይክሊን በወተቱ በጥብጬ ለአምስት ቀን ሰጠሁት፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ፍላጎት የሚከፍት ቫይታሚን ቢያዙልኝ? ሌላው ደግሞ የሁለት ዓመቷ ልጄን ሰሞኑን ተቅማጥ ይዟታል፤ ምግብም ቀንሳለች። ጎረቤቶቼ የከሳ እንስሳ ቤት ውስጥ ከዋለ ልጅ ያከሳል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የሕፃኗን ነገር በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ቢያስገቡትም እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛልና ከዚያው ልጀምር። ክሳት ከእንስሳ ወደ ልጅ አይጋባም፤ በዚህ በኩል አብሽሩ። ሊተላለፍ የሚችለው ሳልሞኔላ የሚባለው ጀርም ነው። ይህ ጀርም በብዙ እንሽላሊቶች፣ ኤሊዎችና እባቦች አንጀት ውስጥ እነሱን ሳያሳምም ስለሚኖር፣ የፋፋው እንሽላሊትም ከከሳው ባላነሰ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ጎረቤቶችዎ ክሳቱን ፈሩ እንጂ መፈራት ያለበትስ ሰገራው ነው።

አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በዚህ ጀርም ክፉኛ ሊታመሙ ስለሚችሉ ሕፃኗ እንሽላሊቱን ፈጽሞ አትንካ፤ መኖሪያው እሷ ከማትደርስበት ክፍል ይሁን፤ የውሃ ዕቃው ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ፤ ወንድሟም ከነካው በኋላ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይቀፋት። ተቅማጧ ከዚህ መጣ ለማለት ምርመራ ያስፈልጋል፤ በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሚያመጣው ነገር ብዙ ነውና። እኔ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ሕፃን አላክምም፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ቤት ውስጥ እንሽላሊት መኖሩንም ሳይጠየቁ ይናገሩ። ትኩሳት ካላት፣ ሰገራዋ ደም ካለው፣ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃታት ለነገ የሚባል ነገር የለም።

ወደ እንሽላሊቱ ልመለስ። የላኩትን ፎቶ በጥንቃቄ አይቼዋለሁ። የዳሌው አጥንት በሁለቱም በኩል ቆዳውን ገፍቶ ወጥቷል፤ ሥጋና ስብ ሊሞላበት የሚገባው የጅራቱ ሥር በጎንና ጎን ሰርጉዷል፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ቆዳውም ጠቁሯል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረኀቡን፣ ሦስተኛው የውሃ እጥረቱን ያሳያሉ። መጥቆሩ ግን፣ አጋማ ከሚባለው ወገን መስሎኛልና፣ ብርድ ላይ መሆኑን ይነግረኛል፤ እነዚህ እንሽላሊቶች ሲበርዳቸው ሙቀት ለመሳብ ይጠቁራሉ። እኔ እስከማየው ድረስ የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ብርድ ነው።

እንሽላሊት የገላውን ሙቀት እንደ እኛ ከሚበላው ምግብ አያመነጭም፤ ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ይቀበላል እንጂ። ሚሌ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊትም ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ወንድምዎ ባቲንና ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጃኬት ይደርባል፤ የቆላ እንሽላሊት ግን የሚደርበው የለውም። ጨጓራው በሚገባ የሚፈጨው፣ አንጀቱ ምግቡን የሚገፋው፣ ደሙም በሽታን የሚከላከለው ገላው ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ከዚያ በጣም ሲወርድ ፍላጎቱ መዘጋቱ ተፈጥሮ ያበጀችለት መከላከያ ነው፤ መፍጨት የማይችለውን እንዳይበላ ነው።

ስለዚህ በግድ የማጉረስና የመጋት ነገር ይቁም። በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አይሰልቹብኝ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ትናንሽ እንስሳት ብዙዎቹን የሚጎዳቸው በሽታው ሳይሆን ይህ ደግነት ነውና። እኛ አገር ያልበላ ሁሉ ይጎረሳል፤ ለእንግዳና ለሕፃን ያልነፈግነውን ጉርሻ ለበግ ግልገልም ለእንሽላሊትም እንዘረጋለን። ገበሬዎቻችን የታመመ በሬ ራሱን ወደ ላይ አቅንተው መድኃኒት በጠርሙስ ሲግቱት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ፣ በሬው ከያዘው በሽታ ይልቅ በሳንባ ምች ሲሞት አይቻለሁ። ያን የሚያህል ጉሮሮ ያለው በሬ ትን ካለው፣ ጣት በማታህል እንስሳ አፍ ውስጥ የተገፋ ሲሪንጅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይገምቱት። የእንሽላሊት የአየር ቧንቧ በር ያለው ምላሱ ሥር፣ ከአፉ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ በፍጥነት የተገፋ ወተት ወደ ጨጓራው ከመውረዱ በፊት መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ በር ነው።

ወደ ሳንባው ሳይገባ በሰላም ወደ ጨጓራው ቢወርድስ? ብርድ ላይ ያለን እንሽላሊት ማብላት ባልተማገደ ምጣድ ላይ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው፤ የገባው ምግብ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ ይባስ ብሎም ያስመልሰዋል። ወተት ደግሞ ለእንሽላሊት ምግብ አይደለም፤ እናቱም አጥብታው አታውቅም፤ የወተቱን ስኳር የሚፈጭበት ነገር የለውም። ብዙ ሳምንት የተራበ አካል ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ መጫንም በራሱ አደገኛ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች በድንገት ተዛብተው በላልኝ ባሉ ማግስት ሊሞት ይችላል። ሌላም አለ፤ ፀሐይ ሳያይ የቆየ እንሽላሊት አጥንቱ ስለሚለሰልስ፣ አፉን በግድ ሲከፍቱት መንጋጋው ሊሰበር ይችላል። ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ እንሽላሊት ለሳምንታት ሳይበላ መቆየት እንደሚችል አውቀው እጅዎን ይሰብስቡ። በቱቦ ማብላት የሚያስፈልግበት ጊዜ አይጠፋም፤ ያ ግን እንስሳው ሞቆ፣ ውሃ ጠግቦ፣ ተመዝኖ፣ በባለሙያ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለ ቴትራሳይክሊኑ ብቆጣ ደግሞ ይቅር ይበሉኝ። ብርድ በአንቲባዮቲክ አይታከምም። ለሰው የሚሸጠው አንድ እንክብል ብዙውን ጊዜ 250 ሚሊግራም ነው፤ የእርስዎ እንሽላሊት ደግሞ 100 ግራም እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም፤ በምን ሚዛን ለክተው ነው የሰጡት? ከወተት ጋር መበጥበጡም ከንቱ ልፋት ነው፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ስለሚይዘው ብዙው ሳይሠራ ይወጣል፤ ሳይያዝ የቀረው አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ጀርሞች ይገድላል። ሳልሞኔላውን ግን አያጠፋውም፤ መድኃኒት እንዲለምድ ያስተምረዋል፤ ያው የተማረው ጀርም ደግሞ ያለው ሕፃኗ በምትጫወትበት ቤት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዝም ብሎ ቆይቶ ፋርማሲ መሮጥ ምን ይባላል? በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የእንስሳት ክሊኒክ አልጠፋም፤ እንሽላሊት ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል ብለው ከሆነም፣ ይሳቁ።

ይህን ስል ገደሉት ማለቴ አይደለም። በአምስቱ ቀን መድኃኒት አልሞተም፤ ፎቶው ላይ ራሱን ቀና አድርጎ ዓይኑን ገልጧል፤ እንዲህ ያለ እንስሳ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መድኃኒቱን ብቻ ዛሬ ያቁሙት። ቫይታሚንም አላዝልዎትም። በተለይ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ሲበዙ መርዝ ናቸው፤ ፍላጎትን የሚከፍተውም ሙቀት ነው።

ካርቶኑን ይተዉትና ርዝመት ያለው፣ አናቱ ወንፊት ሽቦ የሆነ ሣጥን ያሠሩለት። በአንደኛው ጫፍ፣ ከሽቦው ውጭ፣ እንሽላሊቱ ሊነካው በማይችልበት ርቀት፣ ክሩ የሚግለውን የድሮውን ዓይነት ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት አምፖል ይስቀሉ፤ ቆጣቢ የሚባለው አምፖል ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት አይሰጥም። ከአምፖሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡና በቴርሞሜትር ይለኩት፤ ድንጋዩ ላይ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ 25 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ከሌለው ይቃጠላል። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ከልለው፣ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የሞላበት ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቡ ያኑሩለት። ከሰል ግን በፍጹም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የከሰል ምድጃ እንሽላሊቱን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ሊጨርስ ይችላል።

ሁለት ቀን ያህል ከሞቀ በኋላ ውሃው ይቀጥላል። በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ለብ ባለና ከትከሻው በማያልፍ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ ከጎኑ አይራቁ። ብዙዎቹ እዚያው ይጠጣሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይጸዳዳሉ፤ ያ ሰገራ ለምርመራ ስለሚያስፈልግ አይድፉት።

ምግብ ሦስተኛ ነው። ልጅዎ ፌንጣ ያምጣለት፤ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ግን አይሁን። ፌንጣው በእንሽላሊቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት ባይበልጥ ይመረጣል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወይም ሁለት ብቻ በጠዋት፣ ድንጋዩ ላይ ሞቆ ቆዳው ሲፈካ ይስጡት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ያልበላውን ፌንጣ ማታ ያውጡት፤ የደከመ እንሽላሊትን ፌንጣ ራሱ ይነክሰዋል። ጥሬ ሥጋውንና እንጀራውን ለባለቤቶቻቸው ይተዉላቸው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀውና እንደ በርበሬ አልመው ፌንጣውን ቢነሰንሱበት ካልሲየም ያገኛል። ካልሲየሙ አጥንት ላይ የሚደርሰው ግን ፀሐይ ሲያገኝ ነው፤ የመስኮት መስተዋት ደግሞ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ጥላ ያለበትን የሽቦ ሣጥን ይዘው ወደ ግቢ ያውጡት። በመስተዋት ሣጥን ግን ፀሐይ ላይ እንዳያኖሩት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይበስላል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይበላ፣ ግራም በሚያነብ ሚዛን ይመዝኑትና ይጻፉ፤ ወርቅ ቤት ያለ ጎረቤት ካለዎት አይነፍግዎትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቱ መውረዱን ካላቆመ አንጀቱ ውስጥ ትል ሊኖር ይችላል፤ እሱም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል። ለበግና ለፍየል የገዙትን አይቨርሜክቲን ግን እንዳይሞክሩበት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣ፣ መንጋጋው በጣት ሲነካ የሚለመጥ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ወይም አፉ ውስጥ ቢጫ እዥ ያለው ከሆነ ሁለቱን ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያድርሱት። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ኮምቦልቻ ላይም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ስላለ፣ ሐኪሙ ካስፈለገው ሰገራውን ወዴት እንደሚልከው ይነግርዎታል።

ልጅዎን የማያስደስተውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ደሴም ለዚህ እንስሳ የሚስማማ አገር አይደለም። ድኖ ሲጠነክርና ሰገራው ሲመረመር፣ በአካባቢዎ ያለውን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ አማክረው ወንድምዎ ወዳገኘበት ቦታ ይመልሰው፤ ጦሳ ሥር ወይም ቦርከና ዳር መልቀቅ መግደል ነው። የሚለቅቀውም ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ባለበት ቦታ ይሁን። እስከዚያው ድረስ ሚዛኑን የሚጽፈው ልጅዎ ይሁን፤ ሰገራውን የሚያነሱት ግን እርስዎ ነዎት፣ በጓንት።